ርካሽ ሚኒ ፕሮጀክተር ለጎጃም ቤት ያዋጣል ወይ?

ካርቶኑ ላይ 9000 ሉመን (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው)፣ ፉል ኤችዲ፣ 4ኬ፣ 200 ኢንች የሚል ተጽፏል። ዕቃው ግን በአንድ እጅ የሚያዝ፣ ከ32 ኢንች ቴሌቪዥን ያነሰ ዋጋ የሚጠየቅበት ፕላስቲክ ነው። ቸኩሎ ለሚጠይቅ መልሱ ይህ ነው፦ ማታ፣ መብራት ጠፍቶ፣ እስከ 60 ኢንች ስፋት፣ ቤተሰብ ተሰብስቦ ለሚያየው ነገር ያዋጣል። ለኳስ ማሳያ ቤት፣ ለመማሪያ ክፍልና በቀን ለሚታይ ለማንኛውም ነገር ገንዘብ ማባከን ነው። ከዚህ በታች ያለው ምክንያቱና ገዝቶ መግባት ለፈለገ ሰው የሚጠቅመው ዝርዝር ነው።

ከሉመኑ እንጀምር፤ ትልቁ ውሸት ያለው እዚያ ነውና። 50 ዋት የሚስብ ሚኒ ፕሮጀክተር እንውሰድ። ደህና ኤልኢዲ ከአንድ ዋት 100 ሉመን ያህል ያወጣል። ሃምሳውም ዋት ለመብራቱ ብቻ ቢውል እንኳ 5000 ነው፤ 9000 ከየት መጣ? ደግሞ ያ 5000 ግድግዳው ላይ አይደርስም። መጀመሪያ በፖላራይዘሩ፣ ማለትም የብርሃኑን ከፊል ብቻ በሚያሳልፈው ስስ ፕላስቲክ፣ ሲያልፍ ከግማሽ በላይ ይቀራል። ቀጥሎ ምስሉን የሚሠራው የኤልሲዲ ፓነል ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ማጣሪያ ከተረፈው ሁለት ሦስተኛውን ይውጣል። በፒክስሎቹ መካከል ያለው ጥቁር መረብ፣ መስታወቱና የፕላስቲክ ሌንሱም የየድርሻቸውን ያነሳሉ። መጨረሻ ላይ ከመቶ አራት ወይም አምስት እጅ ቢተርፍ ነው፤ ይኸውም 200 ሉመን ገደማ። ስለዚህ ካርቶኑን ትታችሁ ከታች የተለጠፈውን ወረቀት አንብቡ። ዋቱን በአራት አባዙት፤ የሚመጣው ቁጥር ከማስታወቂያው ይልቅ ለእውነቱ ይቀርባል። «አንሲ ሉመን» ተብሎ የተጻፈ ካለ ይሻላል፤ ምክንያቱም አንሲ የሚለካው ምስሉ ላይ ባሉ ዘጠኝ ነጥቦች ነው። ርካሾቹ ላይ ግን እሱም ቢሆን ተጋኖ ይጻፋል፤ ሲሶውን ቀንሳችሁ አስቡት።

አሁን 150 እውነተኛ ሉመን ያለው ዕቃ ይዘን ግድግዳው ፊት እንቁም። 60 ኢንች ማለት 1.33 ሜትር በ75 ሳንቲ ነው፤ አንድ ካሬ ሜትር። እዚያ ላይ 150 ሉመን ሲያርፍ፣ ድቅድቅ ጨለማ ውስጥ ከሆናችሁ፣ ሲኒማ ቤት ከሚታየው ብርሃን ጋር ይተካከላል። የሚያምር ምስል ነው፤ ይህን መካድ አይገባም። ወደ 80 ኢንች ስታሰፉት ስፋቱ 1.76 ካሬ ሜትር ይሆንና ብርሃኑ በግማሽ ገደማ ይወርዳል። 100 ኢንች ላይ ደግሞ 2.75 ካሬ ሜትር ነው፤ ፊት የሚለይበት ግን ጨለማ ትዕይንት ሲመጣ ማን ማንን እንደመታ የማይታወቅበት ምስል ይሆናል። 200 ኢንች የሚለውን ተዉት። ሌንሱ ይዘረጋዋል፤ ብርሃኑ ግን አይበቃም።

ጣሪያ ላይ የተሰቀለች አንዲት 9 ዋት አምፖል 800 ሉመን ገደማ ትረጫለች፤ የፕሮጀክተሩን አምስት እጥፍ ማለት ነው። እሷ በርታ እያለ ፕሮጀክተሩ ጥቁር ሊሠራ አይችልም። ፕሮጀክተር ጥቁር ቀለም የለውም፤ ጥቁሩ ብርሃን ያልደረሰበት ግድግዳ ነው። በቀን ደግሞ የጎጃም ቤት አሠራር ራሱ ነገሩን ያከብደዋል። በግድግዳውና በቆርቆሮው መካከል ያለው ክፍተት፣ የሚስማሩ ቀዳዳ፣ የበሩ ሥር፣ ሁሉም ብርሃን ያስገባል። መጋረጃ ብቻውን አይበቃም።

ኳስ ለማሳየት ብለው የሚገዙ ሰዎች የሚከስሩት በዚሁ ነው። የቅዳሜው የመጀመሪያ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ጨዋታ በእኛ ሰዓት ከቀኑ 8 ተኩል ወይም 9 ተኩል ላይ ነው፤ ብዙዎቹ የቅዳሜ ጨዋታዎች ደግሞ 11 ወይም 12 ሰዓት ላይ ይጀምራሉ። ሁሉም ፀሐይ ሳትጠልቅ ወይም ገና ስትጠልቅ መሆኑ ነው። ለሚኒ ፕሮጀክተር የሚስማማው ከምሽቱ 4 ወይም 5 ሰዓት እንደሚጀምረው የቻምፒየንስ ሊግ ጨዋታ ያለ የማታ ጨዋታ ብቻ ነው። እሱም ቢሆን ርካሹ የኤልሲዲ ፓነል ምላሹ ዘገምተኛ ስለሆነ፣ ረጅም ኳስ ሲመታ ኳሷ ከኋላዋ ጭራ ታስከትላለች። የሚከፍል ተመልካች ይህን አይታገሥም።

ገበያው ላይ ከሞላ ጎደል ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው የሳሙና ሣጥን የምታክለው፣ በዩኤስቢ ገመድም የምትሠራው ዋይጂ 300 እና መሰሎቿ ናቸው። «ፉል ኤችዲ ይቀበላል» ይባላል፤ ይቀበላል እውነት ነው፣ የሚያሳየው ግን ብዙውን ጊዜ 320 በ240 ፒክስል ነው። ለሕፃን ካርቱን ትሆናለች፤ ከዚያ ውጪ አትግዟት። ሁለተኛው ክብ ሆኖ በማቆሚያው ላይ ወደ ላይና ወደ ታች የሚዞረው፣ ኤችዋይ 300 በሚል ስምና በብዙ ሌላ ስም የሚሸጠው ነው። ውስጡ አንድሮይድ አለው፤ ትክክለኛ ጥራቱ 1280 በ720 ነው፤ ማህደረ ትውስታው 1 ጊጋ፣ ማስቀመጫው 8 ጊጋ ነው። ከርካሾቹ መካከል ገንዘብ ሊወጣበት የሚገባው ይሄኛው ነው።

ሻጩ የነገራችሁን ጥራት በአማርኛ ፊደል ፈትኑት። ስልካችሁ ላይ ደቃቅ የአማርኛ ጽሑፍ ያለበት ገጽ ክፈቱና ወደ ፕሮጀክተሩ አስተላልፉ። «ተ» ከ«ቸ»፣ «ነ» ከ«ኘ» በሩቁ ካልተለየ፣ አናቷ ላይ ያለችው ሰረዝ ከጠፋች፣ ፓነሉ 720 አይደለም። ፎከሱን መሃል ላይ አስተካክላችሁ አራቱን ማዕዘን ተመልከቱ። ማዕዘኖቹ ትንሽ መደብዘዛቸው የተለመደ ነው፤ አንዱ ማዕዘን ብቻ ከሌሎቹ ለይቶ ቢደበዝዝ ግን ሌንሱ ወይም ፓነሉ ጋድሎ ተገጥሟል፤ የሚስተካከል አይደለም።

ሱቅ ውስጥ ሌላም ፈተና አለ፤ ሻጩ ባይወደውም አድርጉት። ሙሉ ነጭ ምስል ከፍታችሁ ግማሽ ሰዓት አስበሩት። በዚህ ጊዜ አራት ነገር ታያላችሁ። መጀመሪያ ነጩ ላይ ቢጫ ወይም ቡናማ ጥላ፣ ወይም ጥቁር ነጥብ አለ ወይ? ሁለተኛ ፎከሱ ይንሸራተታል ወይ? የፕላስቲክ ሌንስ ሲሞቅ ስለሚያብጥ ትንሽ መንሸራተት አለ፤ አንዴ አስተካክላችሁት ከዚያ ከቆመ ችግር የለም። ሦስተኛ የማራገቢያው ድምፅ እኩል ነው ወይስ የመፋቅ ድምፅ አለው? አራተኛ ከማራገቢያው የሚወጣው አየር ሞቅ ያለ መሆን አለበት። አየሩ ቀዝቃዛ ሆኖ አካሉ ካቃጠለ፣ ሙቀቱ ከኤልኢዲው ወደ አልሙኒየሙ አልተላለፈም፤ ያን ዕቃ ተዉት።

እዚህ ላይ የእኛ አገር ከፍታ ይገባል። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2400 ሜትር አልፋ ነው ያለችው፤ ባሕር ዳር 1800 አካባቢ ናት። በማርቆስ ከፍታ አየሩ በባሕር ጠለል ካለው ከአምስት እጅ አንዱን ያህል ይሳሳል። ማራገቢያው በዚያው ፍጥነት ቢዞርም የሚያንቀሳቅሰው አየር ቀላል ስለሆነ የሚወስደው ሙቀት ያንሳል። የቢሮ ፕሮጀክተሮች ይህን ያውቃሉ፤ ኤፕሰን ከ1500 ሜትር በላይ ለሆነ ቦታ ማራገቢያውን የሚያፈጥን ምርጫ ሜኑው ውስጥ አስቀምጧል። መላው የጎጃም ደጋ ከዚያ በላይ ነውና ኤፕሰን ያለው ትምህርት ቤት ሁሉ ያንን ምርጫ ማብራት አለበት። ሚኒዎቹ ምርጫው ራሱ የላቸውም። የደጋው ብርድ ያግዛቸዋል፤ ሆኖም ከግድግዳ ቢያንስ 30 ሳንቲ አርቃችሁ፣ ትራስና ፍራሽ ላይ ሳይሆን ጠንካራ ነገር ላይ አስቀምጧቸው። የአየር መግቢያው ከሥር ከሆነ ከአራቱ ማዕዘን በጠርሙስ ክዳን ከፍ ማድረግ በቂ ነው።

እነዚህን ዕቃዎች የሚገድላቸው ሙቀት ነው፤ ሙቀቱን የሚያመጣው ደግሞ አቧራ ነው። የቢሮ ፕሮጀክተር የአየር ማጣሪያ ስፖንጅ አለው፤ ርካሹ ሚኒ ወይ ወንፊት ብቻ አለው ወይ ምንም የለውም። ከጥር እስከ ሚያዝያ ባለው የበጋ አቧራ፣ በተለይ መንገድ ዳር ባለ ቤት፣ አቧራው በማራገቢያው ተስቦ አልሙኒየሙ መሃል ይጋገራል። ማራገቢያው ይከብደዋል፤ ፖላራይዘሩ የተባለው ስስ ፕላስቲክ መሃሉ ይቃጠላል። ምልክቱ ምስሉ መሃል ላይ የሚታይ ቢጫ፣ ቆይቶም ቡናማ የሚሆን እድፍ ነው። ይህን በመወልወል ለማስለቀቅ መሞከር ከንቱ ነው። ፖላራይዘሩ በቁራጭ ይሸጣል፤ የተቃጠለውን ከመስታወቱ ልጦ ሙጫውን በአልኮል ማጽዳት ግን እጅ የለመደ ሰው ይፈልጋል። አዲሱ ሲገጠም አቅጣጫው 90 ዲግሪ ከተዛባ ምስሉ ይጨልማል ወይም ቀለሙ ይገለበጣል፤ ስለዚህ ሳይለጠፍ መጀመሪያ በእጅ ይዞ ማየት ነው።

ሌላው ብልሽት ነጥብ ነው። ነጩ ምስል ላይ በቦታው የማይነቃነቅ ብዥ ያለ ነጥብ ካያችሁ አቧራው የተቀመጠው ከውስጥ ፓነሉ ላይ ነው። የውጪውን ሌንስ ብትወለውሉት አይለቅም፤ ሌንስ ላይ ያለ አቧራ ነጥብ ሆኖ አይታይም፣ ምስሉን ጭጋግ ያስመስለዋል እንጂ። ዕቃውን ነቅላችሁ አቀዝቅዙ፤ ከሥር ያሉትን ብሎኖች ፍቱ (አንዳንዱ ከጎማው እግር ሥር ተደብቋል)፤ የሌንሱን ክፍል አንሱና በእጅ በሚጨመቅ የጎማ መንፊያ ንፉበት። በአፍ አይነፋም፤ ምራቅ ይረጫል። የጎማ ቤት ኮምፕረሰርም አይሆንም፤ ውኃና ዘይት አብሮ ይተፋል።

ማራገቢያው ከተበላሸ ጭንቅ የለም። ብዙውን ጊዜ 12 ቮልት የሆነ ትንሽ የኮምፒውተር ዓይነት ማራገቢያ ነው፤ ቮልቱንና የጎኑን ልክ ጽፋችሁ ኮምፒውተር ጠጋኝ ጋር ሂዱ። ስትገጥሙ የአየሩን አቅጣጫ አትገልብጡ። ክረምት ላይ ደግሞ አቧራው ይቀርና እርጥበት ይተካል። ከብርድ ወደ ሞቀ ክፍል የገባ ፕሮጀክተር ሌንሱ ላይ ጤዛ ይይዛል፤ ግማሽ ሰዓት ሳይቆይ አይበራም። ሳይሠራ የሚከርም ከሆነ በሳምንት አንዴ ለጥቂት ደቂቃ አብሩት፤ ሌንሱ ላይ ሻጋታ ከበቀለ በቀላሉ አይለቅም።

መብራት በሚቆራረጥበት አገር ግን ሚኒው አንድ ብልጫ አለው፤ ይህን ሻጮች ራሳቸው አይናገሩትም። አምፖል ያለው የቢሮ ፕሮጀክተር ሲጠፋ ብዙውን ጊዜ ማራገቢያው ትንሽ መዞር አለበት፤ መብራት ድንገት ሲሄድ አምፖሉ እንደጋለ ይቀራልና ዕድሜው ያጥራል። ኤልኢዲው ይህ አይነካውም። የሚጎዳው መብራቱ ሲመለስ የሚመጣው ኃይለኛ ግፊት ነው። ስለዚህ መብራት እንደሄደ ሶኬቱን ንቀሉ፤ ተመልሶ ሁለት ሦስት ደቂቃ ሲረጋ ሰኩ። ብዙዎቹ ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበሉ የምሽቱ የቮልቴጅ መውረድ አያስቸግራቸውም።

በሶላር ለሚኖር ሰው ሒሳቡ እንዲህ ነው። 12 ቮልት 100 አምፒር ሰዓት ባትሪ፣ የአሲድ ከሆነ ግማሹን ብቻ መጠቀም ይመከራልና፣ 600 ዋት ሰዓት ይሰጣል። ፕሮጀክተሩ 55፣ ሪሲቨሩ 15 ዋት ቢስቡ፣ ኢንቨርተሩም የራሱን ቢበላ፣ ሰባት ሰዓት ገደማ ያሠራል፤ ለሁለት ሦስት ማታ ይበቃል። የስልክ ፓወርባንክ ግን በቀጥታ የሶኬት ገመድ ለሚጠይቀው ለኤችዋይ 300 ዓይነት አያገለግልም። በዩኤስቢ የምትሠራዋን ትንሿን 20,000 ሚሊአምፒር ያለው ፓወርባንክ አምስት ስድስት ሰዓት ይይዛታል።

ማሳያውን በተመለከተ ልዩ ሸራ ገዝቶ መምጣት አያስፈልግም። ግድግዳው ለስልሶ ነጭ የፕላስቲክ ቀለም ከተቀባ ይበቃል። የዘይት ቀለም ያብለጨልጫል፤ መሃሉ ላይ የብርሃን ኳስ ይሠራል። የጭቃ ግድግዳ ከሆነ ነጭ አቡጀዲ ግዙ፤ ከኋላው ጥቁር ጨርቅ ደርቡለት፤ አለበለዚያ ብርሃኑ አልፎ ይሄዳል። ከባሕር ዛፍ አጣና 1.40 በ80 ሳንቲ የሆነ ፍሬም ሠርታችሁ ወጥራችሁ በሚስማር ምቱት። ጨርቁ ከተሸበሸበ ፊት ሁሉ ይጣመማል። ፕሮጀክተሩን ከማሳያው መሃል ፊት ለፊት አድርጉት፤ ለ60 ኢንች ርቀቱ 1.7 ሜትር አካባቢ፣ ለ80 ኢንች 2.3 ሜትር ነው። ከጎን አስቀምጦ የተጣመመውን ምስል ኪስቶን በሚባለው ምርጫ ማቃናት ይቻላል፤ ግን ኪስቶን ፒክስሉን እየቆረጠ ነው የሚያቃናው፤ ካላችሁ 720 ላይ ሌላ ይቀነሳል።

ድምፁ ለክፍል ያህል ነው። ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታው ግን 3 ዋት ድምፅ ማጉያ ምንም አይሰማም፤ በገመድ የሚያያዝ ስፒከር ያስፈልጋል። ብሉቱዝ ድምፁን ከአፍ እንቅስቃሴ ስለሚያዘገየው ለፊልም ገመዱ ይሻላል። ኔትወርክ በማይታመንበት ቦታ ፊልሙን በፍላሽ መያዝ ነው። ፍላሹ ፎርማት የተደረገው በፋት 32 ከሆነ ከ4 ጊጋ የሚበልጥ ፋይል አይገባበትም። ምስል እየታየ ድምፅ ካልመጣ ብዙውን ጊዜ ፍላሹ ተበላሽቶ ሳይሆን የድምፁ ዓይነት ፈቃድ የሚጠይቅ ስለሆነ ነው፤ ቪኤልሲ የተባለውን ማጫወቻ ጫኑ። ዲሽ ያለው ሰው ሪሲቨሩን በኤችዲኤምአይ ማያያዝ ብቻ ነው ያለበት።

አንድሮይድ ያለበትን ርካሽ ፕሮጀክተር በጥርጣሬ ያዙት። የአሜሪካው ኤፍቢአይ በግንቦት 2017 ዓ.ም. ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ ባድቦክስ 2.0 የተባለ ተንኮል አዘል ሶፍትዌር ከፋብሪካ ጀምሮ ሊጫንባቸው ከሚችሉ ዕቃዎች መካከል ፕሮጀክተሮችን ጠቅሷል። ዋናውን የጉግል አካውንታችሁን አታስገቡበት፤ ለእሱ ብቻ አዲስ ክፈቱ። ከታወቀ የአፕሊኬሽን መደብር ውጪ የመጣ አፕሊኬሽን እንድትጭኑ ከጠየቀ እምቢ በሉ።

ትምህርት ቤት፣ ሰንበት ትምህርት ቤት ወይም ኳስ ቤት ከሆናችሁ ሁለት ሦስት ሚኒ ከመግዛት ያገለገለ ኤፕሰን ፈልጉ። ኢቢ ኤስ 05 ለምሳሌ 3200 ሉመን ነው፤ ይህ ደግሞ የእውነት ቁጥር ነው። ጥራቱ 800 በ600 ብቻ ቢሆንም መጋረጃ በተጋረደ ክፍል በቀን 100 ኢንች ይታያል። ከ200 እስከ 300 ዋት ስለሚስብ ለሶላር ይከብዳል። ስትገዙ ሜኑው ውስጥ የአምፖሉን ሰዓት እዩ፤ ነገር ግን ቁጥሩ ወደ ዜሮ ሊመለስ ስለሚችል ብቻውን አትመኑት። ሙሉ ነጭ ከፍታችሁ ቢጫ ደመና ካያችሁ የሰማያዊው ፖላራይዘር ተቃጥሏል። አምፖሉ መደበኛ አሠራር ላይ 6000 ሰዓት የተባለለት ነው፤ መለዋወጫው ከየት እንደሚመጣ ሳታውቁ አትክፈሉ።

ከአዲስ አበባ በቴሌግራም አዝዘው በአውቶቡስ የሚያስልኩ ሰዎች ሱቅ ውስጥ የመፈተን ዕድል የላቸውም። ሻጩ የሚልከው ቪዲዮ ሁልጊዜ ያምራል፤ የስልክ ካሜራ ጨለማውን ራሱ ያበራዋልና። ክፍሉ ውስጥ አምፖል አብርቶ፣ አጠገቡ የበራ ስልክ ይዞ፣ ሁለቱን በአንድ ላይ እንዲቀርጽ ጠይቁት። ከሥሩ የተለጠፈውን የዋት ወረቀትም ፎቶ ያንሳላችሁ። ይህን እምቢ ካለ ሌላ ሻጭ ፈልጉ።